ዲስክ ድምፅ በነበረው ጊዜ

ያኔ ዲስክ ድምፅ ነበረው። ኮምፒውተሩ ምን እያደረገ እንደሆነ ስክሪኑን ሳናይ በጆሯችን እናውቀው ነበር። አንድ ፋይል ሲፈልግ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ ብዙ ነገር ባንድ ጊዜ ሲጠየቅ ይንገጫገጫል፤ ሥራ ሲፈታ ደግሞ ቀጭን ፉጨቱን ይዞ መሽከርከሩን ይቀጥላል። ዛሬ አጠገቤ ለሚሠሩት ልጆች ይህን ስነግራቸው በጨዋነት ያዳምጡኛል እንጂ ናፍቆቴ አይገባቸውም። እንዴትስ ይግባቸው? እነሱ የሚያውቁት ዲስክ የሚንቀሳቀስ አካል የለውም። እኔ ግን ለዚህ ሙያ ልቤን የሰጠሁት ያን ድምፅ እየሰማሁ ነው፤ እስቲ ስለዚያ ጊዜ ትንሽ ላውጋችሁ።

ጊዜው ሚሌኒየሙን የተቀበልንበት ሰሞን ነው። ከአራት ኪሎ በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቄ ካዛንቺስ አንዲት ትንሽ የሶፍትዌር ቢሮ ተቀጥሬ ነበር። ከሥራችን ምድር ቤቱ ላይ እትዬ ቡና ይሸጣሉ። ጠዋት ሲቆሉ ጢሱ በደረጃው ሽቅብ ይወጣና ክፍላችንን ያውደዋል። በዚያ ላይ የጋለ ሞኒተር አቧራ፣ ከጓሮ የሚመጣ የጄኔሬተር ናፍጣ ይጨመርበታል። ዛሬም ከሦስቱ አንዱ በአፍንጫዬ ባለፈ ቁጥር ያቺ ክፍል ከነጠረጴዛዎቿ ትመጣብኛለች። እትዬ በዱቤ ነበር የሚሰጡን፤ ደመወዝ የዘገየ ወር ግን የዱቤ ደብተሩን ከመሳቢያ አያወጡትም። «ጠጡ ልጆቼ፣ ገንዘቡ ይደርሳል» ይሉን ነበር።

ከቢሮው ሰው በዕድሜም በዕውቀትም ታላቃችን ጋሼ ነበሩ። በስማቸው የሚጠራቸው የለም፤ ለሁላችንም ጋሼ ናቸው። በደርግ ዘመን ለትምህርት ምሥራቅ ጀርመን ከተላኩት ወጣቶች አንዱ ነበሩና ድሬስደን ተምረዋል። ሮቦትሮን የሚባለው የአገሪቱ ትልቅ የኮምፒውተር ድርጅት መቀመጫው እዚያ ነበር፤ የአይቢኤምን 360 እና 370 አሠራር ተከትለው በተሠሩ ግዙፍ ማሽኖች ላይ ነው ፕሮግራም መጻፍ የለመዱት። እኛ ልጆቹ አንድን ማሽን ብዙ አድርጎ ማሠራት ትናንት የመጣ ጉድ መስሎን ስንደነቅ፣ እሳቸው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው «አይቢኤም እኮ ይህን የጀመረው በፈረንጆቹ 1960ዎቹ ነው፤ እናንተ ገና ሳትወለዱ» ይሉን ነበር።

ለኛ ነገሩ ፋሽን ሳይሆን መላ ነበር። ሰርቨር ውድ ነው፤ ከደንበኞቻችን ደግሞ አንዱ ዊንዶውስ፣ ሌላው ሊኑክስ ይላል። ሁሉንም በአንድ ማሽን ላይ ማሳደር ነበረብን። በጊዜው የሚወራው ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ወጥቶ እ.ኤ.አ. በ2003 ስለተዋወቀው ስለ ዜን ነው፤ አንድን ማሽን ብዙ የሚያደርግ እንዲህ ያለ ፕሮግራም ሃይፐርቫይዘር ይባላል። የፋብሪስ ቤላር ኪውኤምዩም ነበረ። ኬቪኤም ደግሞ ኩምራኔት ከሚባል የእስራኤል ድርጅት ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ2007 መጀመሪያ ከሊኑክስ 2.6.20 ጋር ገና ብቅ ማለቱ ነበር። ኮዱን የምናወርደው ሌሊት ነው፤ ቀን መስመሩ አይችልም። ዘበኛችን አባባ መብራት በሄደ ቁጥር ከመኝታቸው ተነሥተው ጄኔሬተሩን ያስነሡልን ነበር። ምን እንደሚወርድ አያውቁም፤ ለምን እንደሚጠቅምም አልጠየቁንም። ጠዋት ስገባ ግን ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ «አልቋል መሰለኝ፣ መብራቷ መብለጭለጩን ትታለች» ይሉኛል። የሞደሟን መብራት ሲጠብቁ አድረዋል ማለት ነው። ለዚያ ሌሊት የከፈላቸው ሰው የለም።

የመጀመሪያውን ቨርቹዋል ማሽን ያስነሣን ቀን ሁላችንም አንድ ስክሪን ላይ ተደፍተን ነበር። መስኮት ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር ሲነሣ ማየት ልብ ይነካል። እንግዳ ማሽን የምንለው እሱን ነው፤ የሚያሳድረው ዋናው ማሽን አስተናጋጅ ይባላል። ደስታችን ግን ፋይል መክፈት ስንጀምር ቀዘቀዘ። ዲስኩ በተንገጫገጨ ቁጥር የእንግዳው ማሽን ማውዝ ይደርቃል፤ ሰዓቱ ቆሞ ይቆይና ዘሎ ይሄዳል። ለምን እንደሆነ ጋሼ ወዲያው ገብቷቸዋል። በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚዞር ዲስክ አንዴ ዞሮ ለመምጣት 8.3 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። በዚያ ላይ ማንበቢያው ክንድ ከቦታ ቦታ የሚሄድበት አለ። በድምሩ አንድ ጥያቄ አሥር ሚሊሰከንድ ቢወስድ፣ 2 ጊጋኸርዝ የሆነ ፕሮሰሰር በዚያች ቅጽበት ሃያ ሚሊዮን ጊዜ ይመታል። እንግዳው ማሽን «ከዲስክ ይህን አምጣልኝ» ሲል ፕሮግራሙ ዲስኩ ዘንድ ቆሞ የሚጠብቅ ከሆነ፣ ያ ሁሉ ምት ባክኖ የእንግዳው ዓለም በሙሉ ይቆማል።

«ታዲያ ሳይጠብቅ እንዴት ይሆናል ጋሼ?» አልኳቸው።

«እናትሽ ወፍጮ ቤት ልከውሽ ያውቃሉ?» አሉኝ።

«እንዴታ! ቅዳሜ ቅዳሜ የኔ ሥራ ነበር።»

«በይ እንግዲያ ንገሪኝ፤ እህልሽን ሰጥተሽ ቆመሽ ትጠብቂያለሽ?»

ቆሜ አልጠብቅም ነበር። ማዳበሪያውን አስመዝኜ፣ ምልክት አድርጌበት፣ ከተደረደረው ጋር አስቀምጬ ወደ ቤት እመለሳለሁ። ፈጪውም በመጣንበት ተራ አይፈጭም፤ ነጭ ጤፉን ከነጭ ጤፍ፣ ስንዴውን ከስንዴ ጋር እያደረገ ነው። ከሰዓት ስመለስ ከኔ በኋላ የመጣችው ጎረቤታችን ቀድማኝ ወስዳ ይሆናል፤ ቅር አይለኝም። እህሉ በሄደበት ማዳበሪያ ዱቄቱ ይጠብቀኛል፤ የማን እንደሆነ የሚናገረውም ምልክቱ ብቻ ነው። ጋሼ ይህን ሁሉ እስክጨርስ ጠብቀው አንድ ወረቀት አወጡና በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፋቸው አምስት ነገር ጻፉ፦ ከዲስኩ የት ላይ፣ ምን ያህል፣ የሚቀመጥበት ሚሞሪ፣ የባለቤቱ ምልክት፣ ሲያልቅ የሚጠራው። «እነዚህ አምስቱ አንድ ላይ ተቀምጠው ከተላኩ ማንም ቆሞ መጠበቅ የለበትም» አሉ። ስለ ዲስክ ወረፋ የተማርኩት የመጀመሪያ ትምህርት ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ስትራክቸር አይቻለሁ፤ እነዚያ አምስት ነገሮች በአንድም ሆነ በሌላ መልክ ይመላለሱብኛል።

ከዚያ በኋላ የዜንን የዲስክ ኮድ አትመን በእርሳስ ማንበብ ጀመርን። ወረቀቱ ላይ የቡና ስኒ ክብ ምልክት ነበረበት። እንግዳውና አስተናጋጁ የሚጋሩት አንዲት የሚሞሪ ገጽ ነች፤ 4,096 ባይት። በእሷ ላይ ጥያቄዎቹ ቀለበት ሠርተው ይዞራሉ። ጋሼ «ስንት ጥያቄ ትይዛለች? በእጅሽ አስዪ» አሉኝ። መጀመሪያ ላይ ያለው 64 ባይት የቆጣሪዎቹ ነው። በ64 ቢት ማሽን ላይ አንዱ ጥያቄ 112 ባይት ይወስዳል። የቀረውን 4,032 ለ112 ሳካፍለው 36 ሆኖ ያለ ቀሪ ወጣ። ደስ አለኝ። ኮዱ ግን 32 ብቻ ነው የሚጠቀመው። አራት ቦታ ሙሉ ለምን ይጣላል? ለዚህ መልስ አንድ ከሰዓት ሙሉ ተቀምጠን አወራን።

መልሱ ሲገባኝ የተሰማኝን ዛሬም አልረሳውም። ቆጣሪዎቹ ቀለበቱ ባለቀ ቁጥር ወደ ዜሮ አይመለሱም። ጠያቂው ጥያቄ ባስገባ ቁጥር የእሱን ቆጣሪ ከፍ ያደርጋል፤ መላሹ መልስ በጻፈ ቁጥር የራሱን ከፍ ያደርጋል፤ ሁለቱም ዝም ብለው ወደ ላይ ይሄዳሉ። ቦታው የትኛው እንደሆነ ማወቅ ሲያስፈልግ የመጨረሻዎቹን አምስት ቢቶች ማየት ይበቃል፤ ይህ የሚሠራው ግን ቁጥሩ 32 ስለሆነ ነው፤ በ36 አይሆንም። ሁለቱ ቆጣሪዎች እኩል ከሆኑ ቀለበቱ ባዶ ነው፤ ልዩነታቸው 32 ከሆነ ሞልቷል። ቆጣሪው 32 ቢቱን ጨርሶ ቢዞር እንኳ ቅነሳው አይሳሳትም። አራት ቦታ ተጥሎ የተገዛው ይህ ሁሉ ሰላም ነው። መልሱም የሚጻፈው ጥያቄው በተነሣበት ቀለበት ላይ ስለሆነ ለመልስ ቦታ አጣን የሚባል ነገር የለም። እያንዳንዱ ጥያቄ ስምንት ባይት የሆነ መለያ ይዞ ይሄዳል፤ መልሱም ያንኑ ስምንት ባይት ይዞ ይመለሳል። የወፍጮ ቤቷ ምልክት ማለት እሷ ነች። እርሳሴን አስቀምጬ ጋሼን ቀና ብዬ ሳያቸው ፈገግ ብለው ነበር።

ሌላም ያስተማሩኝ አለ፤ ለዚያ ደግሞ ምክንያቱ መብራት ነው። ክረምት ከሰዓት ላይ ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድበዋል፤ ነጎድጓድ ይሰማል፤ ከዚያ ክፍሉ ይጨልምና ዩፒኤሶቹ ተራ በተራ መጮህ ይጀምራሉ። ሁላችንም የያዝነውን ሴቭ ለማድረግ እንሯሯጣለን። እትዬ ሻማና ጀበናቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ አባባ ጄኔሬተሩን እስኪያስነሡ በሻማ ብርሃን ወግ ይጀመራል። አንድ እንዲህ ባለ ቀን ጋሼ «አንድ ጽሑፍ አለቀ የምንለው መቼ ነው?» ብለው ጠየቁን። ዲስኩ «ጽፌያለሁ» ሲል ገና በራሱ ካሽ ይዞት ይሆናል፤ አስተናጋጁ ማሽን «ጽፌያለሁ» ሲል ገና በሚሞሪው ላይ ይሆናል። እንግዳው ማሽን ደግሞ ያን ቃል አምኖ የሰው ሒሳብ ዘግቷል። ለዚህ ነው በወረፋው ውስጥ ከማንበብና ከመጻፍ ሌላ ፍለሽ የሚባል ሦስተኛ ዓይነት ጥያቄ ያለው። ከእሱ በፊት አለቀ የተባለለት ጽሑፍ ሁሉ መብራት ቢሄድም ከማይጠፋበት ቦታ ሳይደርስ ፍለሽ አለቀ ሊባል አይገባውም። መብራት በማይቋረጥበት አገር ያደገ ሰው ይህን ከመጽሐፍ ይማረዋል። እኛ በሻማ ብርሃን፣ ቡና እየጠጣን፣ የዩፒኤሱን ጩኸት እየሰማን ተማርነው።

ወደ ድሬስደን የመሄድ ዕድል ሲመጣልኝ ከኔ ይልቅ የተደሰቱት ጋሼ ናቸው። የድሮ የጀርመንኛ መዝገበ ቃላታቸውን ሰጡኝ፤ በወረቀት ላይ የከተማዋን ካርታ ከትዝታቸው ሣሉልኝ፤ ኤልበ ወንዝ፣ ድልድዩ፣ ዳቦ ቤቱ። ስደርስ ዳቦ ቤቱ የለም፤ ወንዙና ድልድዩ ግን በሣሉት ቦታ ነበሩ። ከተማዋ የስርዓተ ክወና ሰዎች አገር ነች። የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲዋ ከኤል4 ማይክሮከርነል ጋር ለረጅም ጊዜ የኖረ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ለዓለም የታየው ኖቫ የሚባለው ትንሽ ሃይፐርቫይዘር የተሠራውም እዚያው ነው። ጠዋት የትራም ደወል ያነቃኛል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ የገና ገበያው የዝንጅብልና የቀረፋ ሽታ መንገዱን ይሞላዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጋሼ ዘመን ጀምረው እዚያው የቀሩ አንዲት እናት ቤት ቡና ይፈላል፤ ዕጣኑ ሲጨስ መስኮቱን ከፍተው «ጎረቤቶቼ ለምደውታል» ይሉ ነበር። ለመጣ ተማሪ ሁሉ እንጀራ ቋጥረው ይሰጣሉ።

የኔ ሥራ የአንድ ትንሽ ቨርቹዋል ማሽን ፕሮግራም የዲስክ ወረፋ ነበር። የምታማክረኝ ተመራማሪ ዝምተኛ ሴት ነች፤ ማታ ማታ ሁለት ኩባያ ሻይ ይዛ ትመጣና ከነጭ ሰሌዳው ፊት ወንበር ስባ ትቀመጣለች። በጻፍኩት በእያንዳንዱ መስመር ላይ የምትጠይቀው አንድ ጥያቄ ነበር፦ «ይህ ጥያቄ በዚህች ሰዓት የማን ነው?» በመጀመሪያ ጥያቄው የማንም አይደለም፤ ነፃ ከሆኑት ጋር ተቀምጧል። ከዚያ ገብቶ ተራ ይጠብቃል። ከዚያ ዲስኩ እጅ ይገባል። ሲያልቅ ተመልሶ ነፃ ይሆናል። ስለዚህ ሦስት ዝርዝር ያስፈልጋል፤ የነፃዎቹ፣ የሚጠብቁት፣ በሥራ ላይ ያሉት። ጥያቄዎቹ ራሳቸው ከመጀመሪያው ባንድ ላይ ተሠርተው ይቀመጣሉ፤ በሥራ መሀል ሚሞሪ መለመን የለም። ከዝርዝር ወደ ዝርዝር የሚያስተላልፈው ፖይንተርም እዚያው በጥያቄው ውስጥ ነው፤ ከቢኤስዲ የመጡት የዝርዝር ማክሮዎች የሚሠሩት በዚህ መንገድ ነው። በኋላ የፍሪቢኤስዲን ቢሃይቭ ኮድ ከፍቼ እነዚያኑ ሦስት ዝርዝሮች፣ ከሥራቸውም ስምንት ሠራተኛ ትሬዶችን ሳይ፣ ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር አንድ ክፍል ውስጥ የተማርን መሰለኝ። እዚያ አንድ ጥያቄ ሌላው ከሚያልቅበት ቦታ የሚጀምር ከሆነ የፊተኛው እስኪያበቃ እንዲቆይ ይደረጋል፤ ተከታታይ ንባብ በትሬዶቹ ሽሚያ እንዳይበታተን ነው።

አማካሪዬ ከሁሉ አብልጣ የምታስብለት ያልታሰበው ቀን ነበር። እንግዳው ማሽን ጥያቄ ልኮ ሳይመለስለት ተዘግቶ ቢነሣ ምን ይሆናል? ዲስኩ የታዘዘውን አይረሳም። ከጥቂት ሚሊሰከንድ በኋላ ዳታውን ይዞ ወደታዘዘበት ሚሞሪ ይመጣል፤ ያ ሚሞሪ ግን አሁን የሌላ ነገር ነው። ስለዚህ ማሽኑን ዳግም ከማስነሣት፣ ወደ ሌላ ሰርቨር ከማዛወር፣ ቅጂ ከማንሣት በፊት በሥራ ላይ ያሉት ጥያቄዎች ዝርዝር ባዶ እስኪሆን መጠበቅ ግድ ነው። አንድ ጥያቄ ይሰረዝ ሲባልም ገና ተራ እየጠበቀ ከሆነ ቀላል ነው፤ ከዝርዝሩ ማውጣት ነው። ዲስኩ እጅ ከገባ ግን ብዙውን ጊዜ ማድረግ የሚቻለው መጠበቅ ብቻ ነው። ሌላም ነበራት፤ ጥያቄው በጋራ ሚሞሪ ላይ ሳለ እንግዳው ሊለውጠው ይችላልና አስተናጋጁ መጀመሪያ ወደ ራሱ ይቅዳ፣ የሚመረምረውም ቅጂውን ይሁን። ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋን ከፍ አታደርግም። ሻይዋን እየጠጣች፣ ሰሌዳው ላይ አንዲት ቀስት ብቻ ትጨምርና ታሳየኛለች።

ስለ ቨርቲዮ ያነበብኩትም በዚያው ዘመን ነው። ረስቲ ራስል የአይቢኤም ሰው ሆኖ አውስትራሊያ ውስጥ ሲሠራ እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣት አጭር ጽሑፍ ነች፤ ትራም ላይ ጀምሬያት መውረጃዬን አሳልፋኛለች። ሐሳቡ ምን ያህል ንጹሕ ነበር! አንድ ሠንጠረዥ አለ፤ እያንዳንዱ መስመሩ 16 ባይት ነው፤ አድራሻ፣ ርዝመት፣ ምልክት፣ የሚቀጥለው ቁጥር። ሁለት ቀለበቶች አሉ፤ በአንዱ እንግዳው «ይህ ተዘጋጅቷል» ይላል፣ በሌላው አስተናጋጁ «ይህ አልቋል» ይላል። አንዱ የሚጽፍበትን ሌላው አይነካውም። የዲስክ ጥያቄ ማለት በሰንሰለት የተያያዙ ጥቂት መስመሮች ናቸው፤ መጀመሪያ 16 ባይት ራስጌ፣ ከዚያ ዳታው፣ በመጨረሻ ደኅና መሆን አለመሆኑ የሚጻፍባት አንዲት ባይት። «ሥራ ላይ ነኝ፣ አትቀስቅሰኝ» የሚባልበት መንገድ እንኳ ታስቦለታል፤ በየጥያቄው ደወል እንዳይደወል። የዚሁ ሰው ሥራ የሆነው ኤልጌስት የሚባለው ትንሽ ሃይፐርቫይዘር ደግሞ አስተያየቶቹ የተጻፉት አንባቢን ከዝግጅት ጀምሮ እጁን ይዞ በሚወስድ የጉዞ ትረካ ነበር። ኮድ የሚጽፍ ሰው ለማያውቀው አንባቢ ይህን ያህል ሊያስብለት እንደሚችል ያየሁት እዚያ ነው። ኤልጌስት እ.ኤ.አ. በ2017 ከሊኑክስ ወጥቷል። የሚጠቀምበት ሰው ስለጠፋ መውጣቱ ትክክል ነው፤ እኔ ግን ዜናውን ያነበብኩ ቀን አዘንኩ።

ዛሬ ሁሉ ነገር ሰፍቷል። ያኔ የሳታ ዲስክ ባንድ ጊዜ የሚይዘው ትእዛዝ 32 ነበር። ኤንቪኤምኢ እ.ኤ.አ. በ2011 ሲመጣ እስከ 65 ሺህ ወረፋ፣ በእያንዳንዱ ወረፋ ደግሞ እስከ 65 ሺህ ትእዛዝ ፈቀደ። አሥር ሚሊሰከንድ ይጠበቅለት የነበረው ንባብ ዛሬ ከአንድ ሚሊሰከንድ አንድ አሥረኛ እንኳ ላይሞላ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2019 የየንስ አክስቦ አይኦ ዩሪንግ ከሊኑክስ 5.1 ጋር ሲመጣ ደግሞ ፕሮግራሙና ከርነሉ ራሳቸው በጋራ ሚሞሪ ላይ በሁለት ቀለበት መነጋገር ጀመሩ፤ አንዱ የመላኪያ፣ ሌላው የመቀበያ። በቨርቹዋል ማሽኖቹ ዘንድ የለመድነው አሠራር ወደ ዋናው ቤት ገባ ማለት ነው። ይህን ሳይ ደስ ይለኛል። ያን ጊዜ ግን ሙሉውን ነገር በአንዲት ገጽ ላይ አስቀምጠን፣ በእርሳስ አስልተን፣ በጆሯችን ሰምተን ነበር የምናውቀው። አሁን አንድ ጥያቄ ከእንግዳው ማሽን ተነሥቶ እስኪመለስ የሚያልፍባቸውን ደረጃዎች አንድ ሰው ብቻውን በጭንቅላቱ ሊይዛቸው ይቸግረዋል። ፍጥነቱን ወድጄዋለሁ፤ ያ ሁሉን በአንድ እይታ የመያዝ ስሜት ግን ይናፍቀኛል።

ጋሼ ጡረታ ወጥተዋል። በበዓል ስደውልላቸው ከጤናና ከልጆች ቀጥሎ የሚጠይቁኝ ስለ ሥራዬ ነው። ባለፈው ፋሲካ «አሁንስ ስንት ይይዛል?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ለትንሽ ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና «ምልክቱስ?» አሉ።

«በአይኦ ዩሪንግም ስምንት ባይት ነው ጋሼ። ከላኪው ወስዶ ሳይነካው ለላኪው ይመልሳል።»

«ጎበዝ ናቸው» አሉኝ፤ ስለማያውቋቸው ሰዎች በሙሉ ልብ ተደስተው።

እኔም አሁን ለሥራ አዲስ ልጅ ሲመጣልኝ ኪቦርዱን ሳይነካ ወረቀትና እርሳስ እሰጠዋለሁ። ከ4,096 ላይ 64 ቀንሶ ለ112 እንዲያካፍል እጠይቀዋለሁ፤ 36 ሲያገኝ ፊቱ ሲበራ አያለሁ፤ አራቱ ለምን እንደተጣሉ እስኪገባው አብሬው እቀመጣለሁ። ይህ ጥያቄ አሁን የማን ነው፣ ሲያልቅ ማን ይጠራል፣ አለቀ የምንለውስ መቼ ነው፤ እነዚህን ሦስቱን ከያዘ የቀረውን ከማሽኑ ራሱ ይማረዋል። እኔ የተቀበልኩት ከሰዎች ነው፤ ሻማ ካመጡልን፣ ጄኔሬተር ካስነሡልን፣ ሻይ ይዘው ከሰሌዳው ፊት አብረውኝ ካመሹ ሰዎች። ዕውቀቱንም ጊዜያቸውንም የሰጡኝ ሳይቆጥሩ ነው፤ እኔም ለሚቀጥሉት እንዲሁ ሳልቆጥር መስጠት እፈልጋለሁ።